ልጅዎ ደጋግሞ ሲታጠብ፣ ደጋግሞ ሲጠይቅ፦ ኦሲዲ ላለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች የሥነ ልቦና ሕክምና መመሪያ

አንድ ልጅ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ እንደገና ሲታጠብ፣ የቆለፈውን በር ተመልሶ ሲፈትሽ፣ ወይም «እማዬ፣ አትሞቺም አይደል?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ሲደጋግም፣ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ያባብለዋል። «አይዞህ፣ ምንም አልሆንም» ይለዋል፣ ሳሙናውን ያቀብለዋል፣ በሩንም አብሮት ይፈትሻል። ይህን የሚያደርገው ስለሚወደው ነው። ኦሲዲ (እየተመላለሰ በሚያስጨንቅ ሐሳብና ያንን ለማስታገስ በግድ በሚደጋገም ድርጊት የሚታወቅ ሕመም) ግን ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ እሺታ ነው። ከአምሳ ዓመት በላይ የተከማቸው ማስረጃ እንደሚያሳየው ልጁን ከዚህ ሕመም የሚያላቅቀው ማባበል አይደለም፤ ፍርሃቱ እየተሰማው ድርጊቱን ሳያደርግ መቆየትን በጥቂት በጥቂቱ መለማመዱ ነው። የቤተሰቡም ድርሻ ይህን ልምምድ ማገዝና ለሕመሙ ሲያደርግ የኖረውን ትብብር ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ሥራው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሲሠራ ይሻላል፤ ከታች የተጻፈውም ባለሙያውን ለመተካት ሳይሆን ከመሄድዎ በፊት፣ ከሄዱ በኋላና በሁለት ቀጠሮ መካከል ቤትዎ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ የሚያዩትን ነገር በትክክል ይለዩ። ሥርዓት የሚወድ ልጅ ሁሉ ኦሲዲ የለበትም። የአራት ዓመት ሕፃን ከመተኛቱ በፊት ያው ተረት በዚያው ቃል ካልተነገረኝ ቢል፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሲራመድ የንጣፉን መስመር ላለመርገጥ ቢዘል ዕድሜው ነው፤ ቢከለከል ያኮርፋል እንጂ አይሸበርም። ኦሲዲ ሲሆን ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይመጣሉ። አንደኛው ልጁ ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ነው፦ ጀርም ነክቶኛል፣ እናቴ ትሞታለች፣ እግዚአብሔርን ሰድቤያለሁ፣ ታናሽ እኅቴን እጎዳት ይሆናል። ሁለተኛው ያንን ጭንቀት ለማስታገስ የግድ የሚያደርገው ነገር ነው፦ መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር፣ ዕቃ ማስተካከል፣ መጠየቅ፣ በልቡ ጸሎት መድገም። እነዚህ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰዱ፣ ወይም ትምህርቱን፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን ወይም ጨዋታውን ካወኩበት ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ልጆች ስለሚያፍሩ ይደብቁታል፤ ስለዚህ ደርቆ የተሰነጣጠቀ እጅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ሳሙና፣ በላጲስ ብዛት የተቀደደ የቤት ሥራ፣ ከመጸዳጃ ቤት ቶሎ አለመውጣት ልብ የሚባሉ ምልክቶች ናቸው። ለአንድ ሳምንት ደብተር ይያዙና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን እንደቀሰቀሰው፣ ልጁ ምን እንዳደረገ፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉ። ሦስተኛውን አይዝለሉት፤ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ባለሙያው በበኩሉ የሕመሙን ክብደት ከ0 እስከ 40 በሚለካ መጠይቅ ይለካዋል፤ በየጊዜው እየደገመም ለውጡን ያያል።

ቀጥሎ ልጁ ምን እየሆነ እንዳለ እንዲረዳ ያድርጉ። ብዙ ልጆች «እያበድኩ ነው» ወይም «ክፉ ልጅ ነኝ» ብለው ያምናሉ። እውነቱን ይንገሩት፤ የሚያሳፍርና የሚያስፈራ ሐሳብ በጤነኛ ሰው አእምሮም ሽው ይላል። ራክማንና ደ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናግረዋል። ኦሲዲ ያለበትን ሰው የሚለየው ሐሳቡን እንደ አደጋ ምልክት መቁጠሩና ለማጥፋት መታገሉ ነው። ለትንሽ ልጅ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ጎበዝ የግቢ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። ያንተ ውሻ ግን ለሌባውም ለአክስትህም እኩል ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ዝም እንዲል አጥንት ከወረወርንለት ደግሞ ነገ አብዝቶ ይጮኻል።» አጥንቱ መታጠቡ፣ መፈተሹ፣ መጠየቁ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሳይካትሪስት ጆን ማርች ከካረን መሌ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት የሕክምና መመሪያ ልጁ ለሕመሙ ራሱ ስም እንዲያወጣለት ይመክራሉ። «ጨቅጫቄ» ብሎ የሰየመው ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ከመጨቃጨቅ ይልቅ ከእናቱ ጋር ሆኖ ጨቅጫቄን መቃወም ይጀምራል። ለ15 ዓመት ልጅ ግን ይህ የሕፃን ጨዋታ ሊመስለው ስለሚችል ሕመሙን በስሙ መጥራት ይበቃል።

ሕክምናው ለምን ፍርሃትን የመጋፈጥ መንገድ እንደሚከተል ማወቅ መንገዱ ሲከብድ ያጸናዎታል። መነሻው ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ሜየር በሚድልሴክስ ሆስፒታል ሁለት ሕመምተኞችን የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደለመዱት ድርጊት እንዳይሄዱ በማገዝ ያገኘውን መሻሻል ጻፈ። ከዚያ በፊት ኦሲዲ በንግግር ሕክምና የማይነቃነቅ ሕመም ተደርጎ ይታይ ነበር። ለልጆች ትልቁ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በአሜሪካ በዱክ፣ በፔንሲልቫኒያና በብራውን ዩኒቨርሲቲዎች ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 112 ልጆች በዕጣ በአራት ተመድበው ለ12 ሳምንታት ታከሙ። ሲቢቲ የተባለውን መጋፈጥን ማዕከል ያደረገ የሥነ ልቦና ሕክምናና ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት አንድ ላይ ካገኙት ውስጥ 53.6 በመቶው ምልክቶቹ ከሞላ ጎደል ጠፉላቸው። ሲቢቲ ብቻ ካገኙት 39.3 በመቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 21.4 በመቶ፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 3.6 በመቶ ብቻ እዚህ ደረጃ ደረሱ። «ሲያድግ ይለቀዋል» ብሎ ዝም ለማለት ለሚያስብ ወላጅ የመጨረሻዋ ቁጥር ብዙ ትናገራለች። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ5 እስከ 8 ዓመት በሆናቸው 127 ልጆች ላይ ሁለት ሕክምናዎችን ለ14 ሳምንታት አወዳደረ። ሁለቱም ወላጆችን ያሳተፉ ነበሩ፤ አንዱ መጋፈጥን፣ ሌላው ሰውነትን ማዝናናትን አስተማረ። በመጀመሪያው 72 በመቶ፣ በሁለተኛው 41 በመቶ ልጆች ተሻሻሉ። ሁለቱም ቡድኖች ትኩረትና እንክብካቤ አግኝተዋል፤ ትልቁን ልዩነት ያመጣው መጋፈጡ ነው። በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን በተለመዱ የአካባቢ ክሊኒኮች የታከሙ 269 ልጆችም 14 ጊዜ ከባለሙያ ጋር ተገናኝተው ከአሥሩ ሰባት በላይ የሚሆኑት ጥሩ ውጤት አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሕክምናው ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ብቻ የሚሠራ አይደለም።

«ልጄን ሆን ብዬ ላስጨንቀው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሚወድ ወላጅ ሁሉ የሚያነሣው ነው፤ መልስም ይገባዋል። ልጁ ቀድሞውኑ በጭንቀት ውስጥ ነው። ከታጠበ በኋላ የሚያገኘው እፎይታ ለደቂቃዎች ቆይቶ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ እፎይታ ለማግኘት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም አምስት ጊዜ መታጠብ ይኖርበታል። በሕክምናው የሚመጣው ጭንቀት ግን የተመጠነ ነው፤ ልጁ ራሱ የመረጠው ነው፤ ደግሞም እየቀነሰ የሚሄድ ነው። በደንብ የሚሠራ ባለሙያ ልጅን አስገድዶ አያስነካም፣ አያታልልም፣ ከሁሉ ከሚፈራው አይጀምርም። መጀመሪያ እሱ ራሱ ነክቶ ያሳያል። ጤነኛ ሰው በየቀኑ የማያደርገውን አደገኛ ነገርም እንዲያደርግ አይጠይቅም። እነዚህ ነገሮች ካልተጠበቁ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ያ ሕክምና ይቁም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ፍርሃትን ወደ መዘርዘርና ደረጃ ወደ መስጠት እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እናስብ። የምትፈራው ከትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት እጀታ በሽታ ይዛ መጥታ ሕፃን ወንድሟን እንዳታጋባበት ነው። እንደገባች ዩኒፎርሟን በር ላይ ታወልቃለች። እንጀራ ከመቅረቡ በፊት እስከ ክንዷ ስድስት ጊዜ ትታጠባለች፤ ቧንቧውን በክርኗ ትዘጋለች፤ አያቷ ጉርሻ ሲዘረጉላት ፊቷን ታዞራለች። ከእሷ ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ነገር «ይህን ነክተሽ ባትታጠቢ ፍርሃትሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ይሆናል?» ብለው ይጠይቋት። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን መንካት 2 ትለዋለች፤ የመኝታ ቤቷን እጀታ 3፤ የውጭውን በር 4፤ በዩኒፎርም አልጋ ላይ መቀመጥ 5፤ የታክሲ በር 6፤ የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ እጀታ በአንድ ጣት 7፤ በሙሉ መዳፍ 8፤ ከዚያ ሳይታጠቡ የወንድሟን እጅ መያዝ 10። ቁጥሮቹን እሷ ትስጥ፤ እርስዎ ቀላል የሚመስልዎት ለእሷ 9 ሊሆን ይችላል፤ አይከራከሯት። በመካከል ሰፊ ክፍተት ካለ አነስ ያለ ደረጃ ይፈልጉለት፤ እጀታውን በሶፍት መንካት፣ ከዚያ በሶፍቱ ጫፍ፣ ከዚያ በጣት። ዝርዝሩ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ነገሮች ቢኖሩት ለብዙ ሳምንታት ሥራ ይበቃል።

ልምምዱ ከ2 ወይም ከ3 ይጀምራል። ከመንካቷ በፊት ምን ይሆናል ብላ እንደምትጠብቅ ትናገር፦ «ነገ ጠዋት ወንድሜ ያተኩሰዋል።» ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነች ትጻፍ። ከዚያ ትንካ፤ አትታጠብ፤ በቀሚሷ አትጥረግ፤ በልቧ «ይቅር በለኝ» እያለች አታጥፋው፤ ቴሌቪዥን ከፍታ አትርሳው። በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ትናገር። ፍርሃቱ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ይወርዳል። ባይወርድም ልምምዱ አልከሸፈም። ቀድሞ ባለሙያዎች ፍርሃቱ በዚያው ቀጠሮ ውስጥ እስኪቀንስ መጠበቅን እንደ ግዴታ ያዩት ነበር፤ በኋላ በተለይ ተመራማሪዋ ሚሼል ክራስክ ያካሄደቻቸው ጥናቶች ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር አዞሩት። ዋናው ልጅቷ ሁለት ነገር መማሯ ነው፦ የፈራችው አልመጣም፤ ፍርሃቱም ቢቆይ ልትችለው ትችላለች። ስለዚህ በማግስቱ የጻፈችውን አውጥታ ከሆነው ጋር ታስተያይ። ያንኑ ልምምድ በቤት፣ በአያት ቤት፣ በታክሲ፣ በትምህርት ቤት ትድገመው፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተለመደ ድፍረት ሌላ ቦታ አብሮ አይሄድምና። ከባለሙያ ጋር በሳምንት አንድ ቀን መገናኘት ዕቅድ ለማውጣት ነው፤ ለውጡ የሚመጣው በየቀኑ ቤት ውስጥ በሚሠራው ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ነው። ስታመሰግኗት ስላልፈራች ሳይሆን እየፈራች ስለቆየች ይሁን።

እዚህ ላይ «ታዲያ ልጆች እጃቸውን አይታጠቡ ነው?» የሚል ይኖራል፤ በተለይ አተት በሚገባበት አካባቢ ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱ መጠን ነው። ከምግብ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመጸዳጃ በኋላ አንድ ጊዜ፣ በሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ ያህል፣ እስከ አንጓ። የጤና ባለሙያ በወረርሽኝ ጊዜ ከዚህ የተለየ ካዘዘ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያደርገውን እሷም ታድርግ። ከዚያ የሚበልጠው የጨቅጫቄ ነው። ለልምምድ በተመረጠው ሰዓት ግን የምግብ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሳይታጠቡ መቆየት ማንንም አይጎዳም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የቤተሰቡ ሥራ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ያን የሳምንት ደብተር ያውጡና ሦስተኛውን ዓምድ ያንብቡ። ልጁ ቶሎ እንዲረጋጋ ብላችሁ የምታደርጉት ሁሉ እዚያ ላይ አለ፦ በእሱ ፋንታ በር መክፈት፣ ልብስ ደጋግሞ ማጠብ፣ መልስ መደጋገም፣ እንግዳ እንዳይመጣ መከልከል፣ ለእሱ ሲባል የቤቱን ሰዓት መለወጥ። ኦሲዲ ያለበት ልጅ ካላቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ይህን ያደርጋሉ፤ በበዛ ቁጥርም ሕመሙ ከብዶ ይገኛል። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኢላይ ሌቦዊትዝ ለወላጆች ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ124 የጭንቀት ሕመም ባለባቸው ልጆች ላይ ሲፈተን፣ ወላጆቹ ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች ራሳቸው ሲቢቲ ከወሰዱት ያነሰ ውጤት አላገኙም። ጥናቱ በኦሲዲ ላይ ሳይሆን በሌሎች የጭንቀት ሕመሞች ላይ የተደረገ ነው፤ ቢሆንም የወላጅ አካሄድ ሲለወጥ ልጁ አብሮ እንደሚለወጥ ያሳያል፤ ልጁ ሕክምናውን አሻፈረኝ ላለባቸው ቤቶችም ተስፋ ነው።

ለሕመሙ የምታደርጉትን ትብብር ሁሉ በአንድ ቀን አያቁሙ። አንዱን ይምረጡ፤ ልጁ በተረጋጋበት ሰዓት አስቀድመው ይንገሩት፤ የሚጀምርበትን ቀን ይቁረጡ። እናት ለልጇ እንዲህ ልትላት ትችላለች፦ «የኔ ቆንጆ፣ ‹አትሞቺም አይደል?› ስትዪኝ የምመልስልሽ የሚረዳሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መልሴ ጨቅጫቄን ብቻ እንደሚያበረታ ገብቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ እመልስልሻለሁ። ደግመሽ ከጠየቅሽኝ ‹ይሄ የጨቅጫቄ ጥያቄ ነው፤ ጭንቀቱ ከባድ ቢሆንም እንደምትችዪው አውቃለሁ› እልሻለሁ። አልቆጣሽም፤ አጠገብሽም እሆናለሁ።» ይህች ቃል ሁለት ነገር አላት፦ ጭንቀቱ እውነተኛ መሆኑን ታምናለች፣ ልጅቷ እንደምትችለውም ታምናለች። አንዱ ብቻ ከሆነ አይሠራም፤ ማዘን ብቻ ወደ ማባበል፣ ማደፋፈር ብቻ ወደ ቁጣ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብሱ እንደሚችሉ ይጠብቁ፤ ልጅ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ «አትወዱኝም» ይላል። በሦስተኛው ቀን ተሸንፎ መመለስ፣ ልጁ ረዘም ላለ ጊዜ ከለመነ እንደሚያገኝ ያስተምረዋል፤ ስለዚህ ልትጸኑበት የምትችሉትን ትንሽ ነገር ምረጡ። በአንድ ቤት አያትም፣ አክስትም፣ የቤት ሠራተኛም አለች፤ ሁሉም ያንኑ ቃል ይወቁ። አባት ሲከለክል አያት በስውር ሳሙና ካቀበሉ ልጁ መሄጃውን ያውቃል። አያትን ለማሳመን ክርክር አያስፈልግም፤ ባለሙያው ዘንድ አንድ ቀን አብረው ይሂዱና ራሳቸው ይስሙ።

አንዳንዱ ድርጊት ለዓይን አይታይም፤ ከእምነት ጋር የተያያዘው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይሰወራል። አባታችን ሆይን ሲጸልይ አንድ ቃል የዘለለ እየመሰለው ከመጀመሪያው የሚጀምር ልጅ፣ ያንኑ ኃጢአት በየሳምንቱ ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ፣ ከቁርባን በፊት ምራቄን ዋጥኩ ብሎ የሚሸበር፣ ወይም ዉዱእ አድርጎ ተበላሽቶብኛል እያለ ሶላቱ የሚያልፈው ታዳጊ ለቤተሰቡ እጅግ መንፈሳዊ ሊመስል ይችላል። ሃይማኖቱ ከሚጠይቀው አልፎ በፍርሃት የሚደረገውን ግን ሃይማኖቱ ራሱ አላዘዘም። የእስልምና ሊቃውንት ወስዋስን (ጎትጓች ጥርጣሬን) አትከተሉት ብለው የሚመክሩት ከጥንት ጀምሮ ነው፤ አስተዋይ የንስሐ አባትም አንዴ የተናዘዙት በቂ ነው ይላል። ስለዚህ ካህኑን ወይም ኢማሙን የሕክምናው ተባባሪ ያድርጉ፤ ልኩ የቱ እንደሆነ እሳቸው ይንገሩት፣ ከልኩ በላይ ያለውን ልጁ በልምምድ ይተወው። ባለሙያው በእምነቱ ኃጢአት የሆነውን እንዲያደርግ ከጠየቀው እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ ለመዳንም አያስፈልግም። ጸበል የሚወስዱትም ይውሰዱ፤ ግን ቀጠሮው አይቅር፣ መድኃኒትም ከጀመረ አይቋረጥ።

ለታዳጊዎች አካሄዱ ይለያል። የ16 ዓመት ልጅ የሚመላለስበት ሐሳብ ስለ ወሲብ፣ ስለ ጥቃት ወይም ስለ ስድብ ሊሆን ይችላል፤ ለወላጅ መንገር ይቅርና ለራሱ መጥራት ያስፈራዋል። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያስደነግጠው ከጠባዩና ከእምነቱ ጋር ስለሚጋጭ ነው፤ ሐሳቡ የምኞት ምልክት አይደለም፤ ልጁንም አደገኛ አያደርገውም። «እንዴት እንዲህ ታስባለህ!» ማለት ለዓመታት አፉን ያዘጋዋል። ከባለሙያው ጋር ብቻውን የሚነጋገርበት ጊዜ ይስጡት፤ ዝርዝሩን ካልነገሩኝ አይበሉ። ልምምዱ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሐሳቡ እያለ ከእኅቱ ጋር መጫወት፣ ከዚያም «እውነት እንዲህ ነኝ?» እያለ ራሱን አለመመርመር ሊሆን ይችላል። ግቡን እሱ ያውጣ፤ ፈተናን በሰዓቱ መጨረስ ወይም ጓደኞቹ ዘንድ ማደር ለእሱ ከወላጁ ግብ ይልቅ ያተጋዋል። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ግን ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ምግብና ውኃ እምቢ ካለ ወይም ምልክቱ በአንድ ሌሊት በድንገት ከመጣም እንዲሁ ቶሎ ይታይ።

መድኃኒት ከሥነ ልቦና ሕክምናው ጋር አይጣላም። ሕመሙ መካከለኛ ከሆነ በሲቢቲ መጀመር ይቻላል፤ ከከበደ፣ ወይም ልጁ ልምምዱን መጀመር እስኪያቅተው ከተጨነቀ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን ወይም ፍሉቮክሳሚን በሐኪም ትእዛዝ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2011 መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ያልለቀቃቸው 124 ልጆች በሦስት ተመድበው ነበር። ሙሉ ሲቢቲ የተጨመረላቸው 68.6 በመቶ ሲሻሻሉ፣ በመድኃኒቱ ብቻ የቀጠሉት 30 በመቶ፣ ሐኪሙ በቀጠሮ መካከል ስለ ሲቢቲ አጭር መመሪያ ብቻ የሰጣቸው ደግሞ 34 በመቶ ተሻሻሉ። ስለ ልምምዱ መስማትና ልምምዱን መሥራት በጣም የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ማስጠንቀቂያ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይመጣበት በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አያቁሙ።

ባለሙያ ሲመርጡ ከዲግሪው በፊት የሚሠራውን ይጠይቁ። «ልጄ ቀጠሮው ላይ ምን ያደርጋል? የሚፈራውን እንዲጋፈጥ ታደርጋላችሁ? እኔስ ቤት ምን እሠራለሁ? ለውጡን በምን ትለካላችሁ?» መልሱ ስለ ልጅነቱ ማውራት ወይም ትንፋሽ መሳብ ብቻ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። በኢትዮጵያ የልጆች የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ርቀቱ ግን ሁሉን አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2021 በስዊድን ከ8 እስከ 17 ዓመት በሆናቸው 152 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከባለሙያ ድጋፍ ጋር ጀምሮ ላልተሻላቸው ብቻ በአካል ማከም፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው በአካል ከማከም ያላነሰ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። ስለዚህ በቪዲዮ የሚደረግ ቀጠሮ፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ ልምምድ እስካለ ድረስ፣ ሁለተኛ ደረጃ ነገር አይደለም። በውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ የአገሩን ቋንቋ ከእናንተ ይበልጥ ስለሚችል አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የራሱን ሕመም ለእናቱ እንዲተረጉም መጠየቅ ከባድ ሸክም ነው። ክሊኒኩ አዋቂ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ።

ምልክቱ ከቀነሰ በኋላ ዝርዝሩን አይጣሉት። ኦሲዲ በፈተና ወቅት፣ ቤት ሲቀየር፣ ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሲታመም ሊመለስ ይሞክራል፤ ይህም ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ከባለሙያው ጋር ሲለያዩ ከወር በኋላ፣ ከዚያም ከሦስት ወር በኋላ አንዳንድ ቀጠሮ ይያዙ። ልጅቷ እንደገና ሁለቴ መታጠብ ስትጀምር፣ ስድስት እስኪሆን ሳይጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ዝርዝሩን አውጥታ 3 ካለችው ትጀምር፤ እናንተም ወደ ሰኞው ቃላችሁ ተመለሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቀነሰ ለባለሙያው ይደውሉ።